ባብ ዙወይላ፦ ከዘጠኝ መቶ ዓመት በላይ የቆመው የካይሮ በር



ካይሮ ስትነሳ ለብዙዎቻችን ቀድሞ ትዝ የሚለን አል-አዝሀር ነው። ያለ ምክንያትም አይደለም። ከሀገራችንና ከአካባቢዋ ተነስተው ዲናቸውን ለመማር ወደ ግብጽ ይሻገሩ የነበሩ ደረሶች በአል-አዝሀር ውስጥ «ሪዋቅ አል-ጀበርት» የሚባል የራሳቸው ማደሪያና መማሪያ ነበራቸው። እነዚያ ደረሶች ከመስጊዱ ወጥተው የአሮጌውን ከተማ ዋና ጎዳና ይዘው ወደ ደቡብ ጥቂት ከተራመዱ አንድ ታላቅ በር ይጠብቃቸው ነበር። ሁለት ግዙፍ የድንጋይ ማማዎች ግራና ቀኝ ቆመዋል፤ በማማዎቹ ላይ ደግሞ ሁለት ረጃጅም ሚናራዎች ወደ ሰማይ ወጥተዋል። ይህ በር ባብ ዙወይላ ይባላል።

የሐረር ጀጎልን ግንብና በሮቹን ያየ አንባቢ በግንብ የታጠረች ከተማ ምን እንደምትመስል ለመገመት አይቸገርም። ካይሮም በጥንት ዘመኗ እንዲሁ ታጥራ ነበር። ዛሬ ከዚያ ግንብ አብዛኛው ፈርሷል። ከታወቁት በሮቿ ቆመው የቀሩት ታላላቆቹ ሦስት ሲሆኑ በሰሜን ባብ አን-ነስርና ባብ አል-ፉቱሕ፣ በደቡብ ደግሞ ባብ ዙወይላ ናቸው። በዚህ እትማችን በሦስተኛው ላይ እናተኩራለን። ምክንያታችንም በዚህ በር ያለፈው ታሪክ የነገሥታት ብቻ አለመሆኑ ነው፤ የዑለማእ፣ የእስረኛ፣ የበሽተኛ፣ የውሃ ጥመኛና ቁርኣን የሚቀሩ ሕጻናት ታሪክም ነው። (በጽሑፉ ያሉት ዓመታት «ሂጅራ» ካልተባለ በስተቀር በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

ስሙ ከየት መጣ?

ካይሮ ወይም አል-ቃሂራ የተቆረቆረችው በ969 ነው። የፋጢሚዮች ጦር አዛዥ ጀውሀር ግብጽን እንደያዘ ከጥንታዊቷ ፉስጣጥ በስተ ሰሜን ለኸሊፋው አል-ሙዒዝ መቀመጫ የሚሆን ከተማ ሠራ፤ ዙሪያዋንም በጭቃ ጡብ ግንብ አጠረ። ወታደሮቹም በየነገዳቸው ሰፈር ሰፈር ተሰጣቸው። ዙወይላ ከሚባለው የሰሜን አፍሪካ የበርበር ነገድ የመጡት በደቡቡ በር አጠገብ ስለሰፈሩ በሩ በእነርሱ ስም ተጠራ።

የመጀመሪያው በር አሁን ካለው ጥቂት ወደ ሰሜን ገባ ብሎ የነበረ ሲሆን ጎን ለጎን የቆሙ ሁለት መግቢያዎች ነበሩት። የካይሮን ታሪክ በዝርዝር የጻፈው አል-መቅሪዚ እንደሚነግረን ኸሊፋው አል-ሙዒዝ በ973 ወደ አዲሲቱ ከተማ ሲገባ ያለፈው በአንደኛው ነበር። ከዚያ ወዲያ ሕዝቡ ያንን መግቢያ ገደኛ አድርጎ ያዘው። ሌላውን ግን ሸሸው፤ «በዚያ ያለፈ ጉዳዩ አይሰምርለትም» ተባለ። በመጨረሻም የሚያልፍበት ጠፍቶ ተረሳ። ሁለቱም መግቢያዎች ከአንድ ጭቃ በአንድ ጊዜ የተሠሩ ነበሩ! እንዲህ ያለው እምነት በኋላ ዘመን በአዲሱም በር ላይ ተመልሶ ስለሚመጣ አንባቢያን በአእምሯችሁ ያዙልን።

እዚህ ላይ ስለ አል-መቅሪዚ አንድ ነገር ሳንል አናልፍም። ይህ በ1442 የሞተ የካይሮ ሊቅ ስለ በሮቿ፣ ስለ ገበያዎቿና ስለ መስጊዶቿ እንደጻፈ ሁሉ በሐበሻ ምድር ስለነበሩ ሙስሊም ነገሥታትም አንድ አነስተኛ መጽሐፍ ትቶልናል። ዛሬ ስለ ኢፋትና ስለ አካባቢው ሙስሊም መንግሥታት የሚጽፉ ሁሉ ይህን መጽሐፍ ሳይጠቅሱ አያልፉም። እንግዲህ የባብ ዙወይላን ታሪክ ያቆየልን ብዕርና የእኛን አባቶች ታሪክ ያቆየልን ብዕር አንድ ነው ማለት ነው።

ከረሃብ በኋላ የተሠራ ግንብ

አሁን የምናየው የድንጋይ በር የተሠራው በ1092 ነው። ያሠራው ደግሞ በድር አል-ጀማሊ የተባለ በትውልዱ አርመናዊ የሆነና ከባርነት ተነስቶ ለከፍተኛ ሥልጣን የበቃ ሰው ነበር።

ታሪኩ እንዲህ ነው። በኸሊፋው አል-ሙስተንሲር ዘመን ከ1065 እስከ 1072 የናይል ሙላት ደጋግሞ ቀረ። በዚያ ላይ የጦሩ ክፍሎች እርስ በርሳቸው ይዋጉ ስለነበር የቀረው እህልም ለሕዝቡ አልደረሰም። ሰው ውሻና ድመት እስከ መብላት ደረሰ። ኸሊፋው ራሱ ንብረቱ ተዘርፎ ባዶ እጁን ቀረ። በመጨረሻ የዐካ ገዥ የነበረውን በድርን በደብዳቤ ጠራው። በድርም ሠራዊቱን ይዞ በክረምት ባሕር ተሻግሮ መጣ፤ አገሪቱን በብርቱ ክንድ አረጋጋ፤ እርሻም ዳግም ለማ። ከዚያም የጭቃውን ግንብ ትቶ ከተማዋን ሰፋ አድርጎ በድንጋይ ማጠር ጀመረ። አል-መቅሪዚ እንደዘገበው ሦስቱን ታላላቅ በሮች የሠሩት ከአር-ሩሃ (ዛሬ ኡርፋ ከምትባለው የቱርክ ከተማ) የመጡ ሦስት ወንድማማቾች ናቸው፤ እያንዳንዳቸውም አንድ አንድ በር ሠሩ።

የእነዚህ ግንበኞች ብልሃት ዛሬም ይታያል። የማማዎቹ ፊት ክብ ነው። የታችኛው ክፍላቸው ውስጡ ክፍት አይደለም፤ እስከ ላይኛው ክፍል ድረስ በድንጋይ የተሞላ ነው። ጠላት በመደብደቢያ ግንድ ቢመታው የሚደረመስ ባዶ ቦታ አያገኝም። ወታደሮች የሚቆሙበት ክፍል ያለው ከላይ ነው። የመተላለፊያው ጣሪያ ደግሞ ዝቅ ባለ የድንጋይ ጉልላት ተሸፍኗል።

ከበሩ ፊት ለፊትም የሚያዳልጥ የጥቁር ድንጋይ ንጣፍ ተዳፋት ሆኖ ተዘርግቶ ነበር። ዓላማው የጠላት ፈረሶች እየሮጡ ሲመጡ ኮቴያቸው እንዲያዳልጥ ነው። ይሁንና ድንጋዩ ወዳጅን ከጠላት አይለይም። ከመቶ ዓመት በላይ ካለፈ በኋላ የአዩቢዮቹ ሱልጣን አል-ካሚል በዚያ ሲያልፍ ፈረሱ አዳለጠውና ንጣፉ እንዲነሳ አዘዘ።

ከዚያ በፊትም ቢሆን የበሩ የጦር ሥራ ቀንሶ ነበር። ሰላሁዲን ከ1176 ጀምሮ በኮረብታው ላይ አዲሱን ምሽግ ሲያሠራ የመንግሥቱ መቀመጫ ወደዚያ ለመዛወር መንገድ ተከፈተ። ከተማዋም ከበሩ አልፋ ወደ ደቡብ ሰፋች። የከተማ ዳር የነበረው ባብ ዙወይላ የከተማ መሐል ሆነ። ገበያው በዙሪያው ደመቀ፤ ወደ መካ የሚላከው የመሕመል ሰልፍ በከተማዋ ሲዞር በዚህ ያልፍ ነበር። ሕዝብ የሚሰበሰብበት ቦታ ደግሞ ገዥዎች ማስጠንቀቂያቸውን የሚያሳዩበት ቦታ ይሆናል። ወንጀለኞች የሚቀጡት፣ የተሸነፉ ሰዎች የሚሰቀሉት በባብ ዙወይላ ሆነ።

የሁላጉ መልእክተኞች

1258 ለሙስሊሙ ዓለም መራራ ዓመት ነበር። የሞንጎሎች መሪ ሁላጉ ባግዳድን አወደመ፤ የዐባሲዮችን ኸሊፋ ገደለ። በ1260 ሐለብና ደማስቆም በእጁ ወደቁ። ከዚያ ወደ ካይሮ መልእክተኞች ላከ፤ «እጃችሁን ስጡ፣ አለዚያ የሌሎቹ ዕጣ ይደርሳችኋል» የሚል ዛቻ ነበር የያዙት።

በዚያን ጊዜ በግብጽ ሥልጣን ላይ የወጣው ሱልጣን ቁጡዝ ገና አንድ ዓመት አልሞላውም። ከአሚሮቹም ብዙዎቹ ፈርተው ነበር። ቁጡዝ መልእክተኞቹን በተለያየ ቦታ አስገደላቸውና ራሶቻቸው በባብ ዙወይላ ላይ ተሰቀሉ። መመለሻው መንገድ በዚህ ተዘጋ፤ ከእንግዲህ ውጊያ እንጂ እጅ መስጠት የሚባል ነገር አልነበረም። ረመዳን 25 ቀን 658 ሂጅራ፣ ማለትም መስከረም 3 ቀን 1260፣ በፍልስጤም ምድር ዐይን ጃሉት በተባለ ስፍራ የቁጡዝ ጦር ሞንጎሎቹን ድል አደረገ። ከዚያ በኋላ ሞንጎሎች ወደ ግብጽ አልተሻገሩም።

ዐይን ጃሉት የሚያኮራ ድል መሆኑን ማንም አይክድም። ይሁን እንጂ አንድ ነገር መናገር ግዴታችን ነው። በኢስላም መልእክተኛ አይገደልም። ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) የውሸታሙ ሙሰይሊማን መልእክተኞች እንኳ በንግግራቸው የከፋ ነገር ቢሰሙም ሳይነኩ ሸኝተዋቸዋል። ስለዚህ ጀግናን ስንወድ ሥራውን ሁሉ ትክክል ማድረግ የለብንም። ጀግንነቱ በጦር ሜዳው ላይ ነው፤ በበሩ ላይ የተሰቀሉት ራሶች ግን ሌላ ጉዳይ ናቸው። ቁጡዝም ቢሆን ከድሉ ሲመለስ ካይሮን ሳይረግጥ በገዛ አሚሮቹ እጅ ተገደለ። ድል ለማንም የዕድሜ ዋስትና አይሆንም።

ከእስር ቤት ወደ መስጊድ

ከበሩ አጠገብ «ኺዛናት ሸማኢል» የሚባል እስር ቤት ነበር። በካይሮ ካሉ እስር ቤቶች ሁሉ የከፋው እርሱ ነበር ይባላል። በ14ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ማብቂያ ላይ አሚሮች እርስ በርስ ሲጣሉ ሸይኽ የተባለ አንድ ወጣት ማምሉክ እዚያ ተጣለ። በቅማልና በቁንጫ ሲሰቃይ «አላህ ከዚህ አውጥቶ ሥልጣን ቢሰጠኝ ይህንን ቦታ አፍርሼ የአላህ ቤትና የዕውቀት ሰዎች መማሪያ አደርገዋለሁ» ብሎ ነዝር አደረገ።

ዓመታት አለፉ። ያ እስረኛ በ1412 የግብጽ ሱልጣን ሆነ፤ አል-ሙአየድ ሸይኽ ተባለ። ብዙ ሰው በጭንቅ ጊዜ የተሳለውን በደስታ ጊዜ ይረሳዋል። አል-ሙአየድ ግን አልረሳም። በ1415 እስር ቤቱን አስፈርሶ እስከ ዛሬ በስሙ የሚጠራውን መስጊድና መድረሳ ማሠራት ጀመረ። ቤተ መጻሕፍት ተደራጀለት፤ ለመምህራንና ለደረሶች ቀለብ ተቆረጠ። እርግጥ ነው፣ በሥራው ሁሉ እንከን አልነበረም ማለት አይደለም። ታላቁን የናስ በር ከሱልጣን ሐሰን መስጊድ አስነቅሎ በ500 ዲናር ወስዶታል፤ በወቅፍ ንብረት ላይ እንዲህ ማድረጉም የሚያስወቅስ ነበር።

ሚናራዎቹ የት ይቁሙ የሚለው ሲነሳ ግንበኞቹ ወደ ባብ ዙወይላ ማማዎች ተመለከቱ። በድር አል-ጀማሊ በድንጋይ ሞልቶ ያስገነባቸው ማማዎች እንደ ተዘጋጀ መሠረት ሆኑላቸው። ለጦርነት የተሠራው ግንብ አዛን የሚሰማበት ሆነ። ሚናራዎቹ ላይ ሙሐመድ ኢብን አል-ቀዛዝ የተባለው ግንበኛ ስሙንና ዓመቱን ቀርጾባቸዋል። የግንበኛ ስም በጽሑፍ ቀርጾ መተው በዚያ ዘመን እምብዛም የተለመደ አልነበረም።

ሥራው ግን ያለ ችግር አልተጠናቀቀም። በ1418 አንደኛው ሚናራ ዘመም አለና መፍረስ ነበረበት። ሲፈርስ ድንጋዩ ሰው እንዳይጎዳ ባብ ዙወይላ ለ30 ቀናት ተዘጋ። በዚህ ጊዜ ሁለት ታላላቅ ዑለማእ በግጥም ተጎሻሸሙ። አንዱ ኢብን ሐጀር አል-ዐስቀላኒ፣ ሁለተኛው በድሩዲን አል-ዐይኒ ነበሩ። ሁለቱም የሰሒሕ አል-ቡኻሪ ታላላቅ ተንታኞች መሆናቸውን የሐዲስ ደረሶቻችን ያውቃሉ፤ «ፈትሑል ባሪ» የመጀመሪያው፣ «ዑምደቱል ቃሪ» የሁለተኛው ሥራ ነው። «ዐይን» በዐረብኛ ዓይን ማለት ነው፤ ሰው የሚጎዳበትን ክፉ ዓይንም ይጠሩበታል። ስለዚህ ኢብን ሐጀር ሚናራውን የጣለው «ዐይን» ነው ሲሉ ወደ አል-ዐይኒ ስም ጠቆሙ። «ሐጀር» ደግሞ ድንጋይ ማለት ነውና የመልሱ ግጥም የለም፣ ጥፋቱ የዓይን ሳይሆን የ«ሐጀር» ነው አለ። የካይሮ ሰው ለረጅም ጊዜ ሳቀበት። ዑለማእ እንደማንኛውም ሰው ይቀላለዱና ይፎካከሩ ነበር፤ ያም ሆኖ ሁለቱም በዚያው በአል-ሙአየድ መድረሳ አስተምረዋል።

የቱማን ባይ የመጨረሻ ቀን

በ1517 መጀመሪያ የዑስማንዮቹ ሱልጣን ሰሊም በአር-ረይዳኒያ ውጊያ የማምሉኮችን ጦር ድል አድርጎ ካይሮን ያዘ። የመጨረሻው የማምሉክ ሱልጣን ቱማን ባይ ግን እጁን አልሰጠም፤ በየመንደሩ እየተዋጋ ቆየ። በመጨረሻ ወዳጄ ብሎ ከተጠጋው የገጠር ሸይኽ ቤት ተላልፎ ተሰጠ።

በሚያዝያ ወር 1517 በፈረስ አስቀምጠው በከተማዋ መሐል አሳለፉት። በመንገዱ ግራና ቀኝ ለቆመው ሕዝብ ሰላምታ ይሰጥ ነበር። ባብ ዙወይላ ሲደርስ የተዘረጋውን ገመድ አየና ሊሰቀል መሆኑን አወቀ። የዘመኑ ታሪክ ጸሐፊ ኢብን ኢያስ እንደዘገበው ሕዝቡን ፋቲሓ ሦስት ጊዜ እንዲቀሩለት ጠየቀ። እርሱም እጁን ዘርግቶ አብሯቸው ቀራ። ከዚያም ሰቃዩን «ሥራህን ሥራ» አለው። ገመዱ ሁለት ጊዜ ተበጥሶ ወደቀ፤ በሦስተኛው ነፍሱ ወጣች። ሕዝቡ በታላቅ ጩኸት አለቀሰ። ሬሳው ሦስት ቀን ከዋለ በኋላ ተቀበረ።

በዚህ ውጊያ የነበሩት ሁለቱም ወገኖች ሙስሊሞች ነበሩ። ወንድም በወንድሙ ላይ ሲነሳ ለማሸነፍ የሚከፈለው ዋጋ ምን ያህል እንደሆነ ባብ ዙወይላ ያሳየናል። ዛሬ በካይሮ ሕዝብ ዘንድ የቱማን ባይ ስም በሐዘንና በአክብሮት ይነሳል፤ የገመዱ ባለቤት የሰሊም ስም ግን በዚህ በር ዙሪያ በመልካም አይነሳም።

ምስማር፣ ጥርስና ዱላ

አንባቢያን በመግቢያችን የጠቀስነውን ገደኛና ገደ ቢስ መግቢያ ታስታውሳላችሁ። ያው አመለካከት በአዲሱ በር ላይ በሌላ መልክ ተመልሶ መጣ። በሩ በሕዝቡ አፍ «ባብ አል-ሙተወሊ» ተባለ። አንዳንዶች ይህ ስም በአካባቢው ይቀመጥ ከነበረ ሹም የመጣ ነው ይላሉ። ብዙው ሕዝብ ግን የወልዮች ሁሉ አለቃ የሆነ «ቁጥብ» ከበሩ መዝጊያ ጀርባ ይቀመጣል ብሎ አመነ። ራሱን ያመመው ሰው በመዝጊያው ላይ ምስማር ይመታል፤ ጥርሱን ያመመው የተነቀለ ጥርሱን በስንጥቁ ውስጥ ይሰካል፤ ልጅ የታመመባት እናት ከልብሱ ቁራጭ ቀዳ ታንጠለጥላለች።

ይህ ነገር ለእኛ እንግዳ ነውን? በየመንገዱ ዳር ጨርቅ የታሰረበት ዛፍ፣ ቅቤ የተቀባ ድንጋይ ያላየ ማን ነው? ኢስላም ደግሞ በዚህ ላይ ግልጽ አቋም አለው። ጉዳትም ጥቅምም በአላህ እጅ ነው። ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) ታመሙ ቢባል ሕክምና እንዲፈለግ አዘዋል፤ ለመዳን ብሎ ነገር ማንጠልጠልን ከልክለዋል።

ታዲያ ይህን ስህተት እንዴት ማረም ይገባል? በ1711 (በ1123 ሂጅራ) በረመዳን ወር በካይሮ የሆነው ለዚህ ትልቅ ትምህርት ነው። ከቱርክ ምድር የመጣ አንድ ሰባኪ በአል-ሙአየድ መስጊድ ተቀምጦ በመቃብሮች ላይ የሚደረገውንና በባብ ዙወይላ በረመዳን ሌሊቶች የሚቆሙትን ሰዎች በብርቱ አወገዘ። የሚያዳምጡት በረከቱ። አንድ ምሽት ከተራዊሕ በኋላ ተከታዮቹ ዱላና ሰይፍ ይዘው ወደ በሩ ወጡ፤ የቆሙትን አባረሩ፤ የተንጠለጠለውን ጨርቅ «የታሉ ወልዮቹ?» እያሉ ቆራረጡ። የአል-አዝሀር ዑለማእ ሰባኪውን የሚቃወም ፈትዋ ጻፉ፤ ሰባኪውና ተከታዮቹ ደግሞ ለክርክር ወደ ቃዲው ዘንድ በሺህ ተሰልፈው ሄዱ። ከተማዋ ልትታመስ ሆነ። በመጨረሻ አሚሮቹ ጣልቃ ገብተው ተከታዮቹን አስገረፉ፣ ገሚሶቹንም አባረሩ፤ ሰባኪውም ከአደባባይ ጠፋ።

ይህን ታሪክ ከጻፉልን አንዱ ዐብዱረሕማን አል-ጀበርቲ ናቸው። በ1753 ተወልደው በ1825 ያረፉት እኚህ ታላቅ የታሪክ ሰው የዘር ሐረጋቸው ስማቸው እንደሚናገረው ከጀበርት፣ ከዘይላዕ አቅጣጫ ነው። ቤተሰባቸውም ለተከታታይ ትውልድ የሪዋቅ አል-ጀበርት ሸይኾች ነበሩ።

ከዚያ ሌሊት በኋላ ጨርቅ ማንጠልጠሉ ቆመ? አልቆመም። ከመቶ ዓመት በኋላ በ1830ዎቹ በካይሮ የኖረው እንግሊዛዊው ኤድዋርድ ሌን ሰዎች አሁንም በበሩ ላይ ምስማር እንደሚመቱና ጥርስ እንደሚሰኩ አይቶ ጽፏል። ዱላው ጨርቁን ቆረጠ እንጂ ጨርቁን ያንጠለጠለችውን እናት ጭንቀት አልነካም። ሕዝቡ ቀስ በቀስ የተወው ትምህርትና ሐኪም እየቀረቡት ሲሄዱ ነው። የተሳሳተን ሰው ማረም ግዴታ ነው፤ የሚታረመው ግን በዕውቀትና በርኅራኄ ነው።

የነፊሳ ውሃ

ከበሩ ወደ ውስጥ እንደገባን አስ-ሱከሪያ በሚባለው ሰፈር አንድ ያማረ ትንሽ ሕንጻ እናገኛለን። በ1796 ያሠራችው ነፊሳ አል-በይዳእ የተባለች ሴት ናት። ነፊሳ በልጅነቷ በባርነት ተሽጣ ወደ ግብጽ የመጣች ስትሆን የግብጹ ገዥ ዐሊ በይ ነጻ አውጥቶ አገባት። እርሱ ከሞተ በኋላ ሙራድ በይን አገባች። በንግድ ሀብታም ሆነች፤ ፈረንሳዮች በ1798 ካይሮን ሲይዙ ከባድ ገንዘብ እንድትከፍል ተገዳ ከፍላለች፤ ለተቸገሩ ሰዎችም ስታማልድ ትታወቃለች።

ያሠራችው ሕንጻ «ሰቢልና ኩታብ» ይባላል። ከታች ሰቢሉ ነው፤ ከናይል በግመል የሚመጣው ውሃ ከመሬት በታች ባለ ማጠራቀሚያ ይቀመጥና በናስ ፍርግርግ በተሠሩ መስኮቶች በኩል ለአላፊ አግዳሚው ያለ ክፍያ ይታደል ነበር። ከላይ ኩታቡ ነው፤ ሕጻናት፣ በተለይም የቲሞች፣ ንባብና ቁርኣን ይማሩበት ነበር። ወጪውን ይሸፍን የነበረው ደግሞ በአጠገቡ ያሠራችው የነጋዴዎች ማረፊያና የመታጠቢያ ቤት ኪራይ ነው፤ ሁሉንም ወቅፍ አድርጋዋለች። እንግዲህ በዚያች ሴት ሐሳብ ከገበያ የሚገኘው ኪራይ ውሃና ቁርኣን ሆኖ ለሕዝብ ይመለስ ነበር ማለት ነው። ነፊሳ በኋላ ሀብቷን አጥታ በ1816 ሞተች። ሕንጻዋ ግን አልሞተም፤ ዛሬም ቆሟል።

በሩ ዛሬ

የካይሮ አሮጌው ክፍል በ1979 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ ተብሎ ተመዝግቧል። ሆኖም መመዝገብ ብቻ ከጉዳት አያድንም። ባለፉት ምእተ ዓመታት የመንገዱ ወለል እየተደለደለ በጣም ከፍ ብሏል፤ የከርሰ ምድር ውሃ የድንጋዩን እግር አርሶታል፤ በጥቅምት 1992 የደረሰው የመሬት መንቀጥቀጥም በከተማዋ ብዙ ጥንታዊ ሕንጻዎችን ጎድቷል። ከ1998 እስከ 2003 በግብጽ የቅርስ መሥሪያ ቤትና በአሜሪካ የግብጽ ጥናት ማዕከል ትብብር ባብ ዙወይላ ታደሰ። ከዚያ ወዲህ ጎብኚዎች ወደ ላይ ወጥተው ወታደሮች ይቆሙበት ከነበረው ሰገነት ላይ ከተማዋን ማየት ችለዋል። ከበሩ ውጭ የድንኳን ሰፊዎች ገበያ አለ። በየቀኑ የሚመላለሰው ሕዝብም ከራሱ በላይ ምን ተሰቅሎ እንደነበረ ሳያስብ ዳቦውን ተሸክሞ ያልፋል።

ምን እንማራለን?

ውድ አንባቢያን! በባብ ዙወይላ ላይ የተሰቀለው ሁሉ ወርዷል። የመልእክተኞቹ ራሶች ወርደዋል፤ የሱልጣኑ ገመድ ተበጥሷል፤ ጨርቁም ምስማሩም ተነቅሏል። ያስፈራ የነበረው አያስፈራም፤ ያድናል የተባለውም አላዳነም። በበሩ አጠገብ ለአላህ ተብሎ ለሰው የተሠራው ግን ቆሟል። እስረኛው ቃሉን ጠብቆ የሠራው መስጊድ ዛሬም ሰላት ይሰገድበታል፤ በባርነት የተሸጠችው ሴት ያሠራችው ሰቢል ዛሬም ስሟን ያስጠራል። ስሙን ለማስጠራት ሌላውን የሰቀለ ሰውና ውሃ ያጠጣ ሰው በአንድ በር አጠገብ ኖረዋል፤ ታሪክ ግን ለየብቻ አስቀምጧቸዋል።

ሁላችንም ሱልጣን አይደለንም፤ ግንብ ማሠራትም አንችልም። ነገር ግን በየደጃችን አንድ በር አለን። በዚያ በር ላይ ምን እናንጠልጥል? ቂምን? ክታብን? የፉክክር ዝናን? ወይስ በዚያ በር አጠገብ ጎረቤት የሚጠጣው ውሃ፣ የሰፈር ልጅ የሚቀራበት ምንጣፍ እናዘጋጅ? ወላጆች ልጆቻችሁን ይዛችሁ በከተማችሁ ያለውን አሮጌ መስጊድ፣ የአባቶችን ጉድጓድና ቀደምት መድረሳ አሳዩአቸው፤ ማን እንዳሠራውና ለምን እንዳሠራው ንገሯቸው። ወጣቶችም ጠይቁ፣ ጻፉ፤ አል-መቅሪዚና አል-ጀበርቲ ባይጽፉ ኖሮ ባብ ዙወይላ ለእኛ የድንጋይ ክምር ብቻ በሆነ ነበር።

አላህ (ሱ.ወ) ከሞትን በኋላ ምንዳው የማይቋረጥ መልካም ሥራ የምንተው ያድርገን። አሚን!